ማሳውን ከአድራሻው መለየት፦ በገጠር መሬት ዳታቤዝ የዋና ቁልፍ አመራረጥ

የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ከወረቀት መዝገብ ወደ ዳታቤዝ እየተሸጋገረ ነው። በዚህ ሽግግር የመዝገቡ አስተማማኝነት በመስክ ልኬቱ ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን ዳታቤዙ በተነደፈበት መንገድም ይወሰናል። ከንድፍ ውሳኔዎች መካከል ቀላል መስሎ የሚታየው፣ ውጤቱ ግን ለብዙ ዓመታት የሚዘልቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድ ማሳ በመዝገቡ ውስጥ ከሌሎች ማሳዎች ሁሉ ተለይቶ የሚታወቀው በምንድን ነው የሚለው ነው። የሚገኝበት ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ከተራ ቁጥሩ ጋር ተጣምረው መለያው ይሁኑ? ወይስ ከቦታው ጋር ግንኙነት የሌለው አንድ ነጠላ ቁጥር ይሰጠው?

ጥያቄው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። በመለያው ላይ ስህተት ከተፈጠረ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ፣ የሟች ባል ይዞታ ከሚስቱ ስም ሊነጠል፣ ወይም ለብድር ዋስትና የተያዘ መሬት ነጻ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ አማራጮች የሚብራሩት በሰሜን ሸዋ ዞን የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎችን በምሳሌነት በመውሰድ ነው።

ዋና ቁልፍ ምንድን ነው?

በሰንጠረዥ የተደራጀ ዳታቤዝ መሠረቱ የተጣለው ኤድጋር ኮድ የተባሉት የአይቢኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። በዚህ አሠራር መረጃ በሰንጠረዦች ይቀመጣል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድን ነገር፣ ለምሳሌ አንድን ማሳ ወይም አንድን ባለይዞታ ይወክላል፤ እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ የዚያን ነገር አንድ መገለጫ ይይዛል። አንዱን ረድፍ ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቀው ዓምድ ወይም የዓምዶች ስብስብ ዋና ቁልፍ ይባላል፤ በሙያው አነጋገር ፕራይመሪ ኪይ የሚባለው ነው።

ዋና ቁልፍ ሊያሟላቸው የሚገቡ ሁለት ግዴታዎች አሉ። አንደኛው በሁለት ረድፎች ላይ ተመሳሳይ ሆኖ አለመገኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቶውንም ባዶ አለመሆን ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ በልምድ የተረጋገጠ ሦስተኛ መመዘኛ አለ፤ ይህም ጽናት ነው። ዋና ቁልፍ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ሊለወጥ አይገባውም፤ ምክንያቱም በሌሎች ሰንጠረዦች የሚገኙ መረጃዎች ሁሉ ወደ ረድፉ የሚያመለክቱት በዚሁ ቁልፍ አማካይነት ነው።

ቁልፉ በአንድ ዓምድ ብቻ ሲገለጽ ነጠላ ቁልፍ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓምዶች አንድ ላይ ሆነው ሲገልጹት ደግሞ ጥምር ቁልፍ ይባላል። ማሳ ቁጥር 345 በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ብቻ ቢሆንም፣ በሌላ ቀበሌም ሌላ ማሳ ቁጥር 345 ይኖራል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን መለያ ሊሆን አይችልም፤ ከቀበሌውና ከወረዳው ጋር ሲጣመር ግን መለያ ይሆናል። ነጠላ ቁልፍ በአንጻሩ ዳታቤዙ ራሱ በተራ የሚሰጠው፣ ከማሳው መገኛ፣ ስፋትም ሆነ ባለቤትነት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ከአዋሳኝ ወደ መለያ ቁጥር

ማሳን የመለየት ችግር ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። በርስት ዘመን በመንዝ የመሬት መብት የሚቆጠረው ከመጀመሪያው አባት ጀምሮ በትውልድ ሐረግ ስለነበር፣ የይገባኛል ክርክር ሲነሣ ማስረጃው የዘር ቆጠራ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ ይህ የመብት መሠረት ቀረ።

በአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የአንደኛ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ ለባለይዞታው ቤተሰብ አንድ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በመስጠት፣ ማሳዎቹን በዚያው ደብተር ላይ የሚዘረዝር ነበር። ማሳው የሚታወቀው በግምታዊ ስፋቱና በአዋሳኞቹ ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ እገሊት ተብሎ ይጻፋል። ይህ አገላለጽ በመንደሩ ለሚኖር ሰው ግልጽ ነው። ነገር ግን በምሥራቅ ያለው ጎረቤት ሲሞትና መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል፣ ያልተነካው የዚህኛው ማሳ መግለጫ አብሮ ያረጃል። በሌላ አነጋገር፣ የማሳው መለያ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ይህን ክፍተት ለመሙላት በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት ምስል እየታገዘ የእያንዳንዱን ማሳ ወሰን በካርታ ላይ ያሰፍራል፤ ለማሳውም ልዩ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ይህ መለያ ቁጥር የአስተዳደር እርከኖችን ኮድ ከማሳው ተራ ቁጥር ጋር የሚያጣምር ነው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተዘጋጀው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓትም በወረዳ ደረጃ ምዝገባውንና ከዚያ በኋላ የሚከሰቱ ለውጦችን በዳታቤዝ ለመያዝ የታሰበ ነው።

ከላይ የተገለጸው መለያ ቁጥር ለሰው አንባቢ ትልቅ ጥቅም አለው። ዳኛም ሆነ የባንክ ሠራተኛ ቁጥሩን አይቶ ማሳው በየትኛው ወረዳና ቀበሌ እንደሚገኝ ማወቅ ይችላል። የወረዳው ጽሕፈት ቤትም የኔትወርክ መስመር ቢቋረጥ እንኳ ከማዕከል ፈቃድ ሳይጠብቅ ለአዲስ ማሳ ቁጥር መስጠት ይችላል። ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ሰው የሚያነበው መለያ በዳታቤዙ ውስጥ ሰንጠረዦችን እርስ በርስ የሚያስተሳስር ዋና ቁልፍ ሊሆን ይገባል ወይ የሚለው ነው።

ወረዳ ሲከፈል ማሳው አይንቀሳቀስም

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አካባቢው በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የመንዝና ግሼ አውራጃ እና የመርሐቤቴ አውራጃ ተብሎ ይተዳደር ነበር። በደርግ ዘመን ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ተባለ። ከዚያም የክልል አደረጃጀት ሲመጣ አካባቢው በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ሥር ሆነ። አንድ በመሐል ሜዳ ዙሪያ የሚገኝ የገብስ ማሳ በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ካለበት ስንዝር አልተነቃነቀም፤ አድራሻው ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ ተለውጧል።

የቅርብ ጊዜው ምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውስጥ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል የተባለ አንድ ወረዳ፣ እንዲሁም ማማ ምድርና ላሎ ምድር የተባለ ሌላ አንድ ወረዳ ተመዝግበው ይገኛሉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ግን በእነዚህ በሁለቱ ምትክ መንዝ ጌራ ምድር፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል፣ መንዝ ማማ ምድር እና መንዝ ላሎ ምድር የተባሉ አራት ወረዳዎች ተዘርዝረዋል። በሁለት ቆጠራዎች መካከል ባሉት 12 ዓመታት ውስጥ ሁለቱ ወረዳዎች አራት ሆነዋል ማለት ነው።

በእነዚህ ዓመታት የወረዳውን ኮድ በዋና ቁልፉ ውስጥ የያዘ የመሬት ዳታቤዝ ቢኖር ኖሮ ምን ይከሰት እንደነበር ማሰብ ይቻላል። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ የወረዳ ኮዱ 07፣ የቀበሌ ኮዱ 012፣ ተራ ቁጥሩ 00345 የሆነ ማሳ ይወሰድ። ወረዳው ሲከፈል ማሳው ኮዱ 21 ወደሆነ አዲስ ወረዳ ይዛወራል፤ ቀበሌውም በአዲሱ ወረዳ ውስጥ ኮዱ 003 ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚለወጠው በማሳዎች ሰንጠረዥ ላይ ያለው አንድ ረድፍ ብቻ አይደለም። የባለይዞታዎች መብት፣ የውርስና የስጦታ ዝውውር፣ የኪራይ ውል፣ የብድር ዋስትና እግድ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝና የካርታው መረጃ የተመዘገቡባቸው ሰንጠረዦች ሁሉ ይህንኑ ቁልፍ ስለሚደግሙ፣ በሁሉም ላይ ያሉት ረድፎች መለወጥ ይኖርባቸዋል።

የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ዋና ቁልፍ ሲለወጥ በተያያዙት ሰንጠረዦች ላይ ያለውን ቅጂ በራሳቸው የሚያስተካክሉበት ስልት አላቸው። ሆኖም ይህ ስልት የሚሠራው በዚያው ዳታቤዝ አጥር ውስጥ ብቻ ነው። በባንክ የተቀመጠው የብድር ፋይል፣ በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረው ውሳኔ፣ በባለይዞታው ሣጥን ውስጥ ያለው የታተመ የምስክር ወረቀት አብረው አይለወጡም። ቁልፉ በዳታቤዙ ውስጥ በተለወጠበት ቅጽበት ከውጭ ያሉት ሰነዶች ሁሉ ወደሌለ ማሳ የሚያመለክቱ ይሆናሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ አሮጌው ኮድ በኋላ ለሌላ ቀበሌ ቢሰጥ፣ የቀድሞው ሰነድ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ማመልከቱ ነው።

ማሳው ከቦታው ጋር ያልተቆራኘ ነጠላ ቁልፍ፣ እንበል 58120፣ ቢኖረው ግን ወረዳው ሲከፈል የሚለወጠው አድራሻውን የያዘው ዓምድ ብቻ ይሆናል። መብቱ፣ እግዱና ውሉ ከ58120 ጋር እንደተያያዙ ይቀጥላሉ። የቀድሞው አድራሻም ከመቼ እስከ መቼ ሲያገለግል እንደነበር ከሚገልጽ ቀን ጋር በሌላ ሰንጠረዥ ይቀመጣል፤ በዚህም አሮጌውን ቁጥር ይዞ የመጣ ባለይዞታ ወደ ትክክለኛው ማሳ ይደርሳል። ከዚህ የሚገኘው መርሕ አድራሻ መገለጫ እንጂ ማንነት አይደለም የሚል ነው።

ስምን ቁልፍ ማድረግ ለምን ያስቸግራል?

ተመሳሳይ ጥያቄ በባለይዞታዎች ሰንጠረዥ ላይም ይነሣል። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በአንድነት ጥምር ቁልፍ ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይቀርባል። ይሁንና በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስቱም ስሞች የሚገጣጠሙባቸው ሰዎች መኖራቸው የተለመደ ነው።

በአማርኛ ሌላም ችግር ይጨመራል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በመሆኑም ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ተብሎ የተጻፈ ስም በሰው ጆሮ አንድ፣ በዳታቤዝ ውስጥ ግን ሦስት ነው። ይህ ችግር በቦታ ስም ላይም ይታያል። መርሐቤቴ፣ መርሃቤቴ እና መርሐ ቤቴ፤ ግሼ እና ግሼ ራቤል ተብለው የተጻፉ ሰነዶች ይገኛሉ። ስም በቁልፍ ውስጥ ከገባ አንድ ጸሐፊ የመረጠው ፊደል አንድን ሰው ከመሬቱ ሊነጥለው ይችላል።

በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ ይህን ክፍተት ለመሙላት ያግዛል። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ልዩ ቁጥር የባለቤቱን ትውልድ፣ ዕድሜም ሆነ መኖሪያ በአሃዞቹ ውስጥ አይገልጽም፤ ሰውየው ቢዛወርም አይለወጥም። ቢሆንም የፋይዳ ቁጥር ራሱ የመሬት ዳታቤዝ ዋና ቁልፍ እንዲሆን አይመከርም። አንደኛ፣ ገና ያልተመዘገበ ባለይዞታ በመሬት መዝገቡ ላይ መኖሩ አይቀርም፤ ዋና ቁልፍ ደግሞ ባዶ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ዋና ቁልፍ በየሰንጠረዡ ስለሚደገም ጥበቃ የሚያስፈልገው የግል መረጃ በብዙ ቦታ ይበተናል። የተሻለው መንገድ ለሰውየው የውስጥ ነጠላ ቁልፍ ሰጥቶ፣ የፋይዳ ቁጥሩን የማይደገም መገለጫ አድርጎ በአንድ ቦታ ብቻ መያዝ ነው።

ነጠላ ቁልፍ ብቻውን የማይከላከለው አደጋ

እስካሁን የተባለው ነጠላ ቁልፍን የሚደግፍ ቢመስልም፣ ነጠላ ቁልፍ የራሱ የሆነ ከባድ ድክመት አለው። ዳታቤዙ በራሱ በተራ የሚሰጠው ቁጥር ሁልጊዜም አዲስ ስለሆነ፣ አንድ መዝጋቢ ያንኑ ማሳ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢያስገባ ሥርዓቱ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ሰጥቶ ይቀበለዋል። አንዱ ማሳ 58120፣ ያው ማሳ እንደገና 61877 ይሆናል። አንዱ ረድፍ በእናት፣ ሌላው በልጅ ስም ቢመዘገብ ዳታቤዙ ምንም ስህተት አያይም፤ ክርክሩ የሚታወቀው ሁለቱም የምስክር ወረቀት ይዘው ሲቀርቡ ነው።

የአስተዳደር ኮዶችንና ተራ ቁጥሩን ያጣመረው ቁልፍ ግን ይህን ስህተት በመግቢያው በር ላይ ያግደዋል። በዚሁ ቀበሌ 00345 አስቀድሞ ካለ ሁለተኛው አይመዘገብም። ስለዚህ ነጠላ ቁልፍን የመረጠ ንድፍ ጥምሩን መጣል የለበትም፤ በዋና ቁልፍነት ፈንታ የማይደገም ገደብ አድርጎ ሊያቆየው ይገባል። ይህም ማለት ዋናው ቁልፍ 58120 ሆኖ ሳለ፣ የወረዳ፣ የቀበሌና የተራ ቁጥር ጥምረት በሁለት ረድፎች ላይ እንዳይገኝ ዳታቤዙ ራሱ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚህ ገደብ ውስጥ የሚገቡ ዓምዶች ባዶ እንዳይሆኑም በንድፉ መደንገግ አለበት፤ በብዙ የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ባዶ ዋጋ ከሌላ ባዶ ዋጋ ጋር እንደተመሳሰለ ስለማይቆጠር፣ አንዱ ዓምድ ባዶ ከሆነ ገደቡ ድርቡን ሳያስተውል ያሳልፈዋል።

እዚህ ላይ የቁጥር ገደብ የማይደርስበት ቦታ መኖሩም መታወቅ አለበት። አንድ ማሳ በሁለት የተለያዩ ተራ ቁጥሮች ከተመዘገበ ቁጥሮቹ ስለማይመሳሰሉ ገደቡ አይይዘውም። ይህን የሚይዘው በካርታው ላይ የወሰኖችን መደራረብ የሚፈትሽ ቁጥጥር ነው። ቁልፍ የመስክ ሥራን አይተካም።

ጥምር ቁልፍ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ

ጥምር ቁልፍ ከማንኛውም አማራጭ ይልቅ ተስማሚ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ይህም በሁለት ነገሮች መካከል ያለን ግንኙነት የሚመዘግብ ሰንጠረዥ ነው። አንድ ባለይዞታ ብዙ ማሳዎች ይኖሩታል፤ አንድ ማሳም ብዙ ባለይዞታዎች ሊኖሩት ይችላል። አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬቱ የባልና ሚስት ወይም የሌሎች ሰዎች የጋራ ይዞታ ሲሆን የይዞታ ማረጋገጫው በሁሉም የጋራ ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ ደንግጎ ነበር።

ይህን ድንጋጌ በዳታቤዝ ለመተርጎም አንዳንድ ንድፎች በማሳዎች ሰንጠረዥ ላይ የባል ዓምድና የሚስት ዓምድ ይከፍታሉ። ይህ አሠራር ወዲያው ይሰናከላል። ባል የሞተባት ወይም ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ከወላጆቻቸው የወረሱ አራት ወንድማማቾች፣ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ፣ የወል መሬት በእነዚህ ሁለት ዓምዶች አይገለጹም። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ መሬት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት በጋራ ሲጠብቁት የኖረ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት የአንድ ግለሰብ መታወቂያ የሚጠይቅ ቁልፍ የሚሞላው አያገኝም።

ትክክለኛው መንገድ ሦስት ሰንጠረዦችን ማዘጋጀት ነው። የመጀመሪያው የማሳዎች፣ ሁለተኛው የባለይዞታዎች ሆኖ ግለሰብን፣ ተቋምንና ማኅበረሰብን የሚያካትት፣ ሦስተኛው ደግሞ የመብት ሰንጠረዥ ነው። በመብት ሰንጠረዡ ላይ የማሳው ቁልፍና የባለይዞታው ቁልፍ አንድ ላይ ሆነው ጥምር ዋና ቁልፍ ይሆናሉ። ባልና ሚስት ሁለት ረድፎች፣ አራቱ ወንድማማቾች አራት ረድፎች፣ የወል መሬቱ አንድ ረድፍ ይይዛሉ። አንድ ሰው በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም ቁልፉ ራሱ ይከለክላል። ሚስት በራሷ ረድፍ ላይ ስላለች፣ ባሏ ሲሞት የእርሱ ረድፍ ቢዘጋም የእርሷ መብት አይነካም።

እዚህም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መብት ታሪክ አለው፤ አንድ ሰው መሬቱን ለልጁ በስጦታ ካስተላለፈ በኋላ በፍርድ ቤት ውሳኔ ሊመለስለት ይችላል። በዚህ ጊዜ ያው ሰው በዚያው ማሳ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ይመዘገባል። ታሪኩ እንዲቀመጥ ከተፈለገ መብቱ የጀመረበት ቀን በጥምር ቁልፉ ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያም ለእያንዳንዱ የመብት ረድፍ ነጠላ ቁልፍ መስጠት ያስፈልጋል።

ማሳ ሲከፈልና ዳታቤዞች ሲዋሐዱ

በደጋማው አካባቢ ይዞታ በውርስ እየተከፋፈለ የሚሄድ በመሆኑ የማሳዎች ቁጥር አይረጋም። አንድ ማሳ ለሁለት ሲከፈል አሮጌው ቁልፍ ለአንደኛው ክፍል እንዲቀጥል ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀድሞ በሙሉው ማሳ ላይ የተጣለው እግድ የትኛውን ክፍል እንደሚመለከት ያደናግራል። የሚመከረው አሮጌውን ቁልፍ እንደተዘጋ መመዝገብ፣ ለሁለቱ ክፍሎች አዲስ ቁልፎች መስጠትና ከየትኛው ማሳ እንደወጡ በሰንጠረዥ ማሳየት ነው። የተዘጋ ቁልፍ ዳግመኛ ለሌላ ማሳ አይሰጥም።

ሁለተኛው ሁኔታ የወረዳ ዳታቤዞች ውሕደት ነው። በዓለም ከተማ የሚገኘው የመርሐቤቴ ወረዳ ጽሕፈት ቤትና በራቤል የሚገኘው የግሼ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከ1 ጀምሮ ነጠላ ቁልፍ ቢሰጡ፣ መረጃው በዞን ወይም በክልል ደረጃ ሲሰበሰብ ሁለት 58120ዎች ይገናኛሉ። ለዚህ ሦስት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የተለየ የቁጥር ክልል አስቀድሞ መመደብ ነው። ሁለተኛው የመዝጋቢውን ጽሕፈት ቤት ኮድ ከተራ ቁጥሩ ጋር ማጣመር ሲሆን፣ ይህ ኮድ ማሳው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ቦታ ብቻ የሚያሳይና ወረዳው ቢከፈልም የማይለወጥ መሆን አለበት። ሦስተኛው ዩዩአይዲ የሚባለውን ባለ 128 ቢት መለያ መጠቀም ነው፤ ይህ መለያ የትም ቢፈጠር ከሌላው ጋር የመጋጨት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ረጅም ስለሆነ ለሰው ንባብ አይመችም፤ ቦታም ይወስዳል።

የመጠንና የፍጥነት ጉዳይም ይታሰብበታል። ባለ 4 ባይት ቁጥር ከ2 ቢሊዮን በላይ የሆኑ ረድፎችን ሊለይ ይችላል። አምስት ዓምዶች ያሉት ጥምር ቁልፍ ግን በየሰንጠረዡና በየማውጫው ሲደገም ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ሰንጠረዦችን የሚያገናኝ እያንዳንዱ ጥያቄም አምስቱንም ዓምዶች እንዲያነጻጽር ያስገድዳል። በጥምር ማውጫ የዓምዶች ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ተራ ቁጥር ተብሎ የተደረደረ ማውጫ የአንድ ቀበሌን ማሳዎች በሙሉ በፍጥነት ያወጣል፤ ወረዳውን ሳይጠቅስ በተራ ቁጥር ብቻ ለሚፈልግ ግን እምብዛም አይረዳም። በስም ቅደም ተከተል በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ በአያት ስም ብቻ ለመፈለግ እንደመሞከር ነው።

ለዳታቤዝ ነዳፊዎችና ለመዝጋቢ ባለሙያዎች

ከላይ የቀረበው ማብራሪያ በሚከተሉት ነጥቦች ይጠቃለላል።

1. ራሱን ችሎ ለሚኖር ነገር፣ ማለትም ለማሳና ለባለይዞታ፣ ትርጉም የማይሸከም፣ የማይለወጥና ዳግመኛ የማይሰጥ ነጠላ ቁልፍ ይሰጥ።
2. ሰው የሚያነበው ጥምር መለያ ቁጥር በምስክር ወረቀቱና በካርታው ላይ ይቀጥል፤ በዳታቤዙ ውስጥም ባዶ የማይሆንና የማይደገም ገደብ ይደረግበት።
3. ማሳንና ባለይዞታን ለሚያገናኝ ሰንጠረዥ የሁለቱ ቁልፎች ጥምረት ዋና ቁልፍ ይሁን፤ ታሪክ የሚያዝ ከሆነ መብቱ የጀመረበት ቀን ይጨመርበት ወይም ነጠላ ቁልፍ ይሰጥ።
4. የወረዳና የቀበሌ ስም በቁልፍ ውስጥ አይግባ፤ በራሱ ሰንጠረዥ ከጸደቀ አጻጻፉ ጋር ተቀምጦ በኮድ ይጠቀስ።
5. አስተዳደራዊ ወሰን ሲለወጥ አሮጌው መለያ አይሰረዝ፤ ካገለገለበት ጊዜ ጋር ተጠብቆ መፈለጊያ ይሁን።

ለባለይዞታዎች

ባለይዞታዎች የዳታቤዙን የውስጥ ቁልፍ ማወቅ አይጠበቅባቸውም። ይሁንና በምስክር ወረቀታቸው ላይ የሰፈረው የማሳ መለያ ቁጥር በካርታው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ የጋራ ባለይዞታዎች ስም ሁሉ መጻፉንና የስማቸው ፊደል በመታወቂያቸው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። የቀድሞው ደብተርም ሁለተኛው የምስክር ወረቀት ስለተሰጠ ብቻ ሊጣል አይገባውም፤ በመዝገቡ ላይ ጥያቄ ሲነሣ የቀድሞውን መረጃ ከአዲሱ ጋር ለማገናኘት ያገለግላል።

የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚቻልበትን መንገድ ከከፈተ ወዲህ፣ የማሳ መለያ ከጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ወጥቶ በባንክ መዝገብም የሚጻፍ ሆኗል። አበዳሪው የሚጠይቀው ማሳው ይህ ራሱ ስለመሆኑና በእርሱ ላይ ሌላ መብት ወይም እግድ ስላለመኖሩ ነው። ወረዳው ቢከፈል፣ ቀበሌው ቢዋሐድ፣ የባለይዞታው ስም በሌላ ፊደል ቢጻፍ እንኳ ለዚህ ጥያቄ ያንኑ መልስ የሚሰጥ መዝገብ የሚገኘው ቁልፉ በንድፍ ወቅት በጥንቃቄ ሲመረጥ ነው።